ገጹ አልቋል፤ ትምህርቱስ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ሰላምታችን ይድረስዎ። የአሁኑ የዳፍ ዮሚ (የአይሁድ ሊቃውንትን የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ ታልሙድን፣ በቀን አንድ ቅጠል የመማር ልማድ) ዙር እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 2027 ይጠናቀቃል፤ በማግስቱ አዲሱ ዙር ብራኾት ከተባለው ማሴኬት (የታልሙድ መጽሐፍ) ይጀመራል። ቀኑ ሲቀርብ «በዚህኛው ዙር እኔም ልግባበት» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ለእሱ ነው። ይግባ፤ ደስ ይለናል። ነገር ግን አስቀድሞ ስለ ሐዛራ ይወስን። ሐዛራ መመለስ ማለት ነው፤ የተማሩትን መድገም፣ እኛ መከለስ የምንለው። አቋማችንን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንናገር፦ ለትምህርት ከሚመድበው ሰዓት ግማሹን ለሐዛራ ያልሰጠ ሰው፣ ከሰባት ዓመት ተኩል በኋላ በእጁ የሚቀረው የገጽ ቁጥር ነው።

ዳፍ ዮሚን እያጣጣልን አይደለም። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1923 በቪየና በተደረገው የአጉዳት እስራኤል (የሃይማኖት አጥባቂ አይሁድ ማኅበር) ጉባኤ ያቀረቡት ራቢ ሜይር ሻፒሮ ናቸው፤ የዚያው ዓመት የሮሽ ሃሻና (የአይሁድ አዲስ ዓመት) ዕለት ተጀመረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። የባቢሎን ታልሙድ 2,711 ቅጠል ነው። በቀን አንድ ቅጠል፣ ፊቱንም ጀርባውንም የተማረ ሰው በሰባት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ይጨርሳል። ኒውዮርክ ያለውም፣ ኢየሩሳሌም ያለውም፣ ለንደን ያለውም በአንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ ናቸው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ቀን መቁጠሪያው ላይ ሐዛራ የሚባል ቀን አለመኖሩ ነው። ነገ ሌላ ቅጠል አለ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። የቀን መቁጠሪያው ያልሰጠውን ተማሪው ራሱ ካልጨመረበት ማንም አይጨምርለትም።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዳዊት «አነበበ» አንልም፤ «ዳዊት ደገመ» ነው የምንለው። አምስተኛው የኦሪት መጽሐፍ ዘዳግም ይባላል። ታልሙድ የሚያብራራው የሕግ ስብስብ «ሚሽና» ይባላል፤ ስሙ የመጣው «ሻና» ከሚለው የዕብራይስጥ ግስ ነው፤ ደገመ ማለት ነው፣ ተማረ ማለትም ነው። ሁለቱን የሚለይ ቃል አላስፈለጋቸውም፤ ያልደገመ አልተማረም። የሚሽና ሊቃውንት ታናዎች የተባሉትም ከዚያው ሥር በወጣ የአራማይክ ቃል ነው፦ ደጋሚዎች። እግረ መንገዳችንን፣ ታልሙድ ራሱ ቶራን በአራማይክ «ኦራይታ» እያለ ነው የሚጠራው፤ የእኛ «ኦሪት» ከዚያ የመጣ ቃል ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ለቶራ ትምህርት ግን ግማሽ እውነት ነው። በጽሑፍ ያለው የሚወረሰው መጽሐፉ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ለልጆችህ አስተምር የተባለበትን «ቬሺናንታም» የሚለውን ቃል ሊቃውንቱ ከመሳል ጋር አያይዘው ነው የተረጎሙት፦ የቶራ ቃል በአፍህ የተሳለ ይሁን፤ ሰው አንድ ነገር ቢጠይቅህ ሳትንተባተብ ወዲያው መልስለት ይላል ማሴኬት ቂዱሺን። መለኪያው ይህ ነው። «የትኛው መጽሐፍ ላይ እንዳለ አውቃለሁ» ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ስልኩን ሳያወጣ የሚመልሰው ነው የተማረው።

ስንት ጊዜ ይደገም? ታልሙድ ቁጥር መጥቀስ አይፈራም። ማሴኬት ሐጊጋ ላይ፣ ምዕራፉን መቶ ጊዜ የደገመ መቶ አንድ ጊዜ ከደገመው ጋር እኩል አይደለም ይላል ሂሌል። «በአንዲት ጊዜ ብቻ?» ብሎ ጠያቂው ቢለው ወደ አህያ ነጂዎች ገበያ ላከው፤ እዚያ አሥር ፓርሳ (የርቀት መለኪያ) መንገድ በአንድ ዙዝ (የብር ገንዘብ) ነው፣ አሥራ አንድ ፓርሳ በሁለት ዙዝ። የመጨረሻዋ ፓርሳ ዋጋውን እጥፍ ታደርገዋለች። ማሴኬት ኤሩቪን ላይ ያሉት ራቢ ፕሬዳ ደግሞ አንድን ትምህርት 400 ጊዜ ካልተደገመለት የማይገባው ተማሪ ነበራቸው። አንድ ቀን ራቢው ለአንድ የሃይማኖት ትእዛዝ ጉዳይ እንደሚፈለጉ ተነገራቸው፤ ቢሆንም 400 ጊዜውን አስተማሩት። አልገባውም። ምን ሆነህ ነው ቢሉት፣ መሄድ እንዳለብዎ ከሰማሁበት ሰዓት ጀምሮ «አሁን ይነሳሉ፣ አሁን ይነሳሉ» እያልኩ ልቤ ተከፈለ አላቸው። ልብህን ሰብስብ ብለው ሌላ 400 ጊዜ ደገሙለት። ይህን ታሪክ የሚጠቅስ ሰው ሁሉ የመምህሩን ትዕግሥት ያደንቃል፤ የሚገባም ነው። እኛ ግን ከተማሪው መልስም የምንማረው አለ። የመጀመሪያው 400 የከሸፈው ቁጥሩ አንሶ ሳይሆን ልቡ በሩ ላይ ስለነበረ ነው። ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የሚደረግ ሐዛራ እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ነገሩ በምሳሌ ካልታየ አይጨበጥምና የማሴኬት ባቫ ሜጺያን የመጀመሪያ ሚሽና (አንቀጽ) እንውሰድ።

ሁለት ሰዎች አንድ ልብስ ግራና ቀኝ ይዘው ከዳኛ ፊት ቆመዋል። አንዱ «እኔ ነኝ ያገኘሁት» ይላል፤ ሌላውም «እኔ ነኝ»። አንዱ «ሁሉም የእኔ ነው» ይላል፤ ሌላውም «ሁሉም የእኔ ነው»። ሕጉ፦ ይኸኛው በልብሱ ላይ ያለው ድርሻ ከግማሽ እንደማያንስ ይምላል፤ ያኛውም እንዲሁ ይምላል፤ ይካፈሉታል። አንዱ «ሁሉም የእኔ»፣ ሌላው «ግማሹ የእኔ» ካሉ ግን፣ ሁሉም የእኔ ያለው ከሦስት አራተኛ እንደማያንስ ይምላል፣ ግማሹ የእኔ ያለው ከሩብ እንደማያንስ ይምላል፤ አንዱ ሦስት እጅ፣ ሌላው አንድ እጅ ይወስዳል።

በመጀመሪያ ጽሑፉን ጮክ ብለው ቃል በቃል አራት ጊዜ ያንብቡ። አራት የተባለው እንዲሁ አይደለም፤ ኤሩቪን ላይ ራቢ ኤሊዔዘር መምህር ለተማሪው አራት ጊዜ ሊደግምለት ይገባል ያሉት፣ ሙሴ ለአሮን፣ ለልጆቹ፣ ለሽማግሌዎችና ለሕዝቡ ባስተማረበት ሥርዓት እያንዳንዱ አራት አራት ጊዜ ስለሰማ ነው። ጮክ ማለቱም ግዴታ ነው። በዚያው ማሴኬት ብሩርያ የተባለች ሊቅ ድምፁን ሳያሰማ የሚያጠና ተማሪ አግኝታ ገሥጻዋለች፤ ትምህርት በ248ቱ የሰውነት ክፍሎችህ ከተሰናዳ ይጠበቃል፣ ካልሆነ አይጠበቅም ብላ። ራምባምም (ራቢ ሙሴ ማይሞኒደስ) በትምህርት ሕጎቻቸው ላይ ድምፅ እያሰማ የሚማር ትምህርቱ ይጸናለታል፣ በሹክሹክታ የሚያነብ ፈጥኖ ይረሳል ብለዋል።

ከዚያ መጽሐፉን ይዝጉ። ጉዳዩን በአማርኛ ይናገሩት፤ በዕብራይስጡ ለመናገር አይቸኩሉ። ምላስ ቃሉን ሳይረዳው ሊወጣው ይችላልና መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይፈተን። ዕብራይስጡ በሦስተኛው በአራተኛው ሐዛራ ራሱ እየመጣ ይቀመጣል። ተናግረው ሲጨርሱ መጽሐፉን ከፍተው ያስተያዩ፤ የዘለሉትን በእርሳስ ያስምሩ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይታያል። «ይካፈላሉ» የሚለውን የሚረሳ ሰው የለም። የሚጠፋው መሐላው ነው፤ መሐላውን ያስታወሰም ቢሆን አባባሉን ይሳሳታል፤ «ግማሹ የእኔ ነው ብሎ ይምላል» ይላል። ሚሽናው ግን እንዲህ አላለም፤ «ከግማሽ አያንስም» ነው ያለው። የተሳተውን ቃል አሥር ጊዜ ከማነብነብ ይልቅ «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ጌማራው (ሚሽናን የሚያብራራው የታልሙድ ክፍል) ይህንኑ ጠይቋል። «ሁሉም የእኔ ነው» ብሎ እንዳይምል፣ ሁሉን አንሰጠውም። «ግማሹ የእኔ ነው» ብሎ እንዳይምል፣ ሁሉም የእኔ ሲል የቆየውን ሰው የገዛ ቃሉን ማስፈረስ ይሆናል። ስለዚህ «በዚህ ልብስ ድርሻ አለኝ፤ ድርሻዬም ከግማሽ አያንስም» ይላል፤ እውነትም ሳይጎድል፣ ቃሉም ሳይፈርስ። ይህ አንዴ የገባው ሰው «አያንስም» የምትለዋን ቃል ዳግመኛ አይስታትም። መሐላው ጭራሹን ለምን አስፈለገ? ራቢ ዮሐናን እንዳሉት፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ የባልንጀራውን ልብስ እየያዘ «የእኔ ነው» እንዳይል ነው።

ሐዛራ ሽምደዳ አይደለም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ተደጋግሞ የሚረሳው ነገር ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ያልገባን ነገር ነው። ሐዛራው የት ላይ እንዳልገባን ያሳየናል፤ ከዚያ ማስተዋል ይከተላል።

በማግስቱ ከመጀመሪያው መስመር አይጀምሩ። ከሦስት አራተኛው ይጀምሩ፤ ቁጥሩንም በቃል ከመያዝ ያስሉት፦ ሌላው «ግማሹ የእኔ» ሲል በቀረው ግማሽ ላይ ክርክር እንደሌለው አምኗል፤ ያ ግማሽ የሌላኛው ሆነ። ክርክሩ የቀረው በአንድ ግማሽ ላይ ነው፤ እሱ ለሁለት ሲከፈል ሩብ ሩብ ይደርሳቸዋል። ግማሽና ሩብ ሦስት አራተኛ። ሦስት ሐዛራ ሙሉ ቁጥሩን ሲያምታታ የነበረ ተማሪ ይህን በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ስሎ ካየ በኋላ አያምታታውም።

ስለ መጠኑ። ከሥራ ለሚገባ ሰው እኛ የምንመክረው በሚሽና መጀመር ነው፤ በቀን ሁለት ሚሽና። ሚሽና 6 ሴዴር (ዋና ክፍል)፣ 63 ማሴኬት፣ ከ500 በላይ ምዕራፍ ነው፤ አንድ ምዕራፍ በአማካይ ወደ ስምንት ሚሽና ይይዛል። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ሁለት ሁለት ከተማሩ ምዕራፉ አለቀ። ሐሙስ አዲስ ነገር የለም፤ ምዕራፉ ከዳር እስከ ዳር ይደገማል፣ መጀመሪያ ተከፍቶ፣ ቀጥሎ ተዘግቶ። ዓርብ ለሳምንቱ ፓራሻ (በሰንበት ለሚነበበው የኦሪት ክፍል) ይተዋል። ሰንበት ከምሳ በኋላ ምዕራፉን ለቤተሰብ ወይም ለጓደኛ መንገር ነው፤ በሰንበት ስለማይጻፍ የሚነገረው በቃል ብቻ ነው፣ ፈተናውም እሱ ነው። በሮሽ ሖዴሽ (በወር መባቻ) ደግሞ የወሩ አራት ምዕራፍ በአንድ ቁጭታ ይታያል። ይህ የወር ሐዛራ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ማሴኬት ፐሳሒም ላይ ራቭ ሼሼት በየሠላሳ ቀኑ ትምህርታቸውን ይከልሱ እንደነበር ተጽፏል፤ የበሩን መወርወሪያ ተደግፈው ቆመው «ነፍሴ ሆይ ደስ ይበልሽ፣ ደስ ይበልሽ፤ ያነበብኩት ለአንቺ ነው፣ የደገምኩት ለአንቺ ነው» ይሉ ነበር።

የዕለቱ 45 ደቂቃ ቢሆን፣ የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች መጽሐፉ ሳይከፈት የትናንቱ ይነገራል፤ 10 ደቂቃ ካለፈው ሳምንት ምዕራፍ የደከመው ቦታ ይታያል፤ 20 ደቂቃ አዲስ ትምህርት፤ የቀረው 10 አዲሱን ጮክ ብሎ መድገም። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። ሐዛራውን መጨረሻ ላይ ያደረገ ሰው አዲሱ ይስበውና ሰዓቱን ይበላበታል፤ «ነገ እከልሳለሁ» ብሎ ይነሳል። ማሴኬት ብራኾት ዘጠኝ ምዕራፍ ነው፤ ዘጠኝ ሳምንት ተምሮ አሥረኛውን ሳምንት በሙሉ ለሐዛራ መስጠት ይገባል። እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ሚሽና ቢያንስ አሥር ጊዜ በአፍ አልፏል። መቶ አንድ ገና ነው፤ ግን መንገዱ ተይዟል።

ምልክት ማበጀትም ይጠቅማል። ቶራ በምልክት ካልሆነ አትያዝም ይላል ኤሩቪን። የፋሲካ ማታ ሃጋዳ የሚያነብ ሁሉ ራቢ ዩዳ አሥሩን መቅሠፍት «ደጻኽ ዐደሽ ብአሐብ» ብለው በሦስት ቃል እንደጠቀለሏቸው ያውቃል፤ እያንዳንዱ ፊደል የአንድ መቅሠፍት መነሻ ነው። ለምዕራፉም እንዲሁ ያድርጉ። ለየሚሽናው ከደብተር ላይ አንድ መስመር ብቻ፦ ጉዳዩ በሁለት ቃል፣ የተለያዩት ሊቃውንት ስም፣ ቁጥር ካለ ቁጥሩ። ከአንድ መስመር ካለፈ ማስታወሻነቱ ቀርቶ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል፤ ያኔ ሰው ዋናውን ትቶ ያንን ማንበብ ይጀምራል።

የሚያበላሹት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉ የከፋው ግን ዓይን ያወቀውን ልብ ያወቀ መምሰሉ ነው። ሰው ገጹን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነብ ሁሉም ነገር የታወቀ ይመስለዋል። «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ይልና ያልፋል። መጽሐፉን ዝጋና ንገረኝ ቢሉት ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። ማወቅና መለየት ለየቅል ናቸው፤ መንገድ ላይ ያየነውን ሰው ፊት ለይተን ስሙን እንደምናጣው ማለት ነው። መድኃኒቱ መጽሐፉን መዝጋት ብቻ ነው፤ ሌላ አናውቅም።

በመኪና ውስጥ የተቀዳ ትምህርት መስማትም ከዚሁ ይመደባል። መስማቱ መልካም ነው፤ ከሐዛራ ግን አይቆጠርም። ቀረጻውን በየሁለት ደቂቃው አቁሞ «አሁን ምን አለ?» ብሎ ለራሱ የሚመልስ ከሆነ ይቆጠራል።

ሁልጊዜ ከምዕራፉ መጀመሪያ መጀመር ሌላው ጥፋት ነው። ሰዓቱ መሐል ላይ ያልቅና በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ከወራት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሚሽናዎች እንደ ውሃ ይፈሳሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ግን እንዳልተማሩ ናቸው። አንዱን ሳምንት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ አንዱን ከመሐል ይጀምሩ።

የሐቭሩታ (የጥንድ ጥናት) ጓደኛ ደግሞ ዝም ማለት ይልመድ። ጓደኛው ሲቆም ቶሎ ብሎ ቃሉን የሚያቀብለው ሰው የረዳው ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ሥራውን ነጥቆታል። እስከ ሃያ ይቁጠር። ከዚያ ፍንጭ ይስጥ፤ ሙሉ መልሱን በመጨረሻ።

ሳምንት ሙሉ ያመለጠውስ? ሰዎች ትምህርት የሚያቋርጡት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ዕዳው ይከመርና ያስፈራል፤ ከዚያ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የኢየሩሳሌም ታልሙድ «አንድ ቀን ብትተወኝ ሁለት ቀን እተውሃለሁ» ይላል፤ ከጥብርያና ከጺፖሪ ተነስተው እንደተገናኙ ሁለት መንገደኞች ነው፤ ሲለያዩ ይኸኛው አንድ ሚል፣ ያኛው አንድ ሚል ይሄዳል፣ በመካከላቸው ግን ሁለት ሚል ይሆናል። ስለዚህ ሳምንት ያመለጠው ሰው አዲሱን ያቁም እንጂ ሐዛራውን አያቁም። ሁለት ሦስት ቀን የድሮውን ብቻ ይዞ ይቆይ፤ እጁ ሲሞቅ ወደ አዲሱ ይመለስ። ዳፍ ዮሚ የያዘና ከማኅበሩ ወደ ኋላ መቅረት የማይፈልግ ደግሞ ከሳምንቱ ሰባት ቅጠል አንዲት ሱግያ (የውይይት ርዕስ) ብቻ ይምረጥ፤ ሌላውን ከሰዎች ጋር ይለፍ፣ ያቺን አንዲቷን ግን በዚያ ሳምንት አምስት ጊዜ ይድገማት። በዓመት ወደ ሃምሳ የሚሆኑ ሱግያዎች የራሱ ይሆናሉ።

አንድ መከራከሪያ ይቀርብብናል፤ የሚናቅም አይደለም። ማሴኬት አቮዳ ዛራ ላይ ራቫ «ሰው ቢረሳም፣ የሚለውንም ባያውቅ፣ ዘወትር ይማር» ብለዋል፤ ታዲያ መርሳትን ለምን ትፈሩታላችሁ? ይሉናል። የራቫ ቃል ግን «ሊግሪስ» ነው፤ ደጋግሞ በአፍ ማለትን የያዘ ቃል። የሚረሳ ሰው ተስፋ ቆርጦ አፉን እንዳይዘጋ ነው የነገሩት፤ አንዴ አንብቦ እንዲያልፍ ፈቃድ አልሰጡም። በማሴኬት ሳንሄድሪን ደግሞ ራቢ ዮሹዓ ቤን ቆርኻ ተምሮ የማይከልስን ሰው ዘርቶ ከማያጭድ ገበሬ ጋር ያመሳስሉታል። ገበሬ ለሆነ ሕዝብ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ስለ አዛውንቶቻችን አንድ ነገር ማለት አለብን፤ ከልባችን የምንለው ነው። ብዙ አባቶችና እናቶች በእስራኤል የትምህርት ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው «እኛስ አርጅተናል፣ አይገባንም» ይላሉ። ይህ ስህተት ነው። የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን ጸሎቱን በግዕዝ የያዙት ከመምህር አፍ እየሰሙ፣ እየደገሙ ነው። በበዓላችን በሲግድ ቀን፣ ሔሽቫን 29፣ ኦሪቱ በግዕዝ ተነብቦ በአማርኛና በትግርኛ ሲተረጎም ሕዝቡ ቆሞ በጆሮው ነው የሚቀበለው። ጆሮው የሠለጠነ ሰው ከመጽሐፍ ጋር የተጣበቀ ወጣት የሌለው ሀብት አለው። ዘዴው ቀላል ነው፦ አንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ በአማርኛ ይተረጉማል፤ አዛውንቱ ይደግማሉ፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በኋላ ሦስቱን አያይዘው ይላሉ። በዚህ መንገድ ፊደሉን የማያውቁ ሰው ምዕራፍ በቃላቸው ሊይዙ ይችላሉ።

በዕድሜና በሕመም የሚረሳ ሰው ደግሞ ፈጽሞ አይወቀስ። ማሴኬት አቮት ላይ ከትምህርቱ አንዲት ነገር የረሳ ከባድ ተጠያቂነት እንዳለበት ከተነገረ በኋላ፣ ወዲያው ይህ ትምህርቱ የከበደበትን አይጨምርም፣ ተቀምጦ ከልቡ ላስወገደው ነው ይላል። ራቭ ዮሴፍ ሰባሪው ጽላት ከሙሉው ጋር በታቦቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ከዚህ በግድ ትምህርቱን የረሳን ሊቅ ማዋረድ እንደማይገባ እንማራለን አሉ። እሳቸው ራሳቸው ታመው ትምህርታቸውን የረሱ ሰው ነበሩ። ተማሪያቸው አባዬ አጠገባቸው ተቀምጦ «ይህንን እኮ እርስዎ ነዎት የነገሩን» እያለ ያስታውሳቸው ነበር። ለመምህር የሚደረግ ሐዛራ እንዲህ ነው፤ አለማሳፈር።

የሳምንቱን ፓራሻ በተመለከተ ሥርዓቱ የታወቀ ነው፦ ብራኾት ላይ እንደተባለው፣ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ፣ ትርጉሙ አንድ ጊዜ። ትርጉሙ የኦንቅሎስ የአራማይክ ትርጉም ነው፤ የራሺ ማብራሪያም ይበቃል ብለዋል ሊቃውንት። ሰባቱን ዓሊያ (የፓራሻውን ክፍሎች) ለሰባት ቀን ቢያከፋፍሉት በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዓርብ ማታ ላይ የሚጣደፍ ሰው ግን ሁለት ጊዜውን ወደ አንድ፣ አንዱን ወደ ምንም ያወርደዋል። በግዕዝ አንብቦ በአማርኛ መተርጎም ለለመደ ማኅበረሰብ ይህ ሥርዓት እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር፤ በየቤቱ መልመድ ይቻላል።

ማሴኬት ሲያልቅ ሲዩም (የማጠናቀቂያ ድግስ) ይደረጋል። በዚያ የሚባለው «ሃድራን» ለመለያየት የተዘጋጀ ቃል አይደለም፤ «ወደ አንቺ እንመለሳለን፣ አንቺም ወደ እኛ ትመለሻለሽ፤ ልባችን ከአንቺ ጋር ነው፣ ልብሽም ከእኛ ጋር ነው፤ አንረሳሽም፣ አንቺም አትረሺንም» እያሉ ለማሴኬቷ በስሟ ይነግሯታል፤ ሦስት ጊዜ። እንግዲህ ይህን የሚል ቡድን ከድግሱ በፊት የሐዛራውን ቀን መቁረጥ አለበት። የምንመክረው ለአባላቱ ምዕራፍ ምዕራፍ ዕጣ አውጥቶ፣ እያንዳንዱ የደረሰውን ምዕራፍ በቃሉ ካቀረበ በኋላ ሲዩሙን ማድረግ ነው። ድግሱ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ምንም አይደለም።

በመጨረሻ፣ የተከበሩ አዘጋጅ፣ አንድ ልመና አለን። ጋዜጣዎ በየሳምንቱ ትንሽ የጥያቄ ዓምድ ይክፈትልን። አምስት ጥያቄ ይበቃል፦ ሁለቱ ከሳምንቱ ትምህርት፣ ሁለቱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ከወር በፊት ከተማርነው። መልሱ በዚያው ዕትም አይውጣ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ይውጣ። አንባቢ መልሱን ከጥያቄው ሥር ካገኘው ዓይኑን ወደ ታች ከማውረድ ሌላ ምንም አያደርግም። ጥያቄዎቹን እኛ እናዘጋጃለን፤ ቤተሰብ በሰንበት ማዕድ ላይ ሊጠያየቅባቸው የሚችሉ ይሆናሉ። ለናሙና ያህል ከላይ ካየነው ሚሽና እነሆ፤ አንባቢ ወደ ኋላ ሳይመለስ ይሞክራቸው፦

ሁለቱም «ሁሉም የእኔ ነው» ሲሉ መሐላቸው በትክክል ምን ይላል?

«ግማሹ የእኔ ነው» ብለው ቢምሉ ምን ይበላሻል?

አንዱ «ሁሉም»፣ ሌላው «ግማሹ» ሲሉ ሦስት አራተኛው ከየት መጣ?

ራቢ ዮሐናን መሐላው ለምን ተደነገገ አሉ?

ከእነዚህ ከአራቱ የትኛውን ሲመልሱ ቆም አሉ? ነገ ከዚያ ይጀምሩ።

ከአክብሮት ጋር፤
የምሽት ጥናት መምህራን
ቤርሼባ፣ እስራኤል